የኋላ መብራት ሽቦ በአይጥ ሲበላ ምርመራው ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ

ጤና ይስጥልኝ። በመኪናዬ የኋላ መብራት ላይ ስላጋጠመኝ ብልሽት የምታውቁ ሰዎችን ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። መኪናዋ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2004 ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። የምታድረው ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በሚገኝ የጋራ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ በአንድ ጎኗ የድሮ የጭቃ ቤት ግድግዳ፣ በሌላ ጎኗ የግቢው ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ጥግ አለ።

ብልሽቱ እንዲህ ነው። ማታ መብራት ሳበራ የግራው የኋላ መብራት ከቀኙ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬን ስረግጥ ደግሞ ሊደምቅ ሲገባው ጭራሽ ይዳከምና በእርሱ ፈንታ የፊት የግራ ፍሬቻና ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የፍሬቻ ቀስት ጭል ጭል ማለት ይጀምራሉ። ከዚህ በተጨማሪ መብራት አብርቼ በኮብልስቶን መንገድ ስነዳ የፓርኪንግ መብራቱ ፊውዝ አልፎ አልፎ ይቃጠላል፤ አስፋልት ላይ ግን አንድም ጊዜ ተቃጥሎብኝ አያውቅም።

የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ አንሥቼ ትርፍ ጎማው የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ስመለከት የአይጥ ኩስ፣ የተቦጫጨቀ ስፖንጅና ከሽቦ ልባስ የወጣ የሚመስል የፕላስቲክ ፍርፋሪ አገኘሁ። መጀመሪያ ያየልኝ ባለሙያ አምፖሎቹን ቀይሮ አሰናበተኝ፤ ለውጥ አልመጣም። ሁለተኛው ከፊት እስከ ኋላ ያለው የሽቦ ጥቅል በሙሉ ካልተቀየረ አይሆንም ብሎ የጠራልኝ ዋጋ የሚቀመስ አይደለም። የዓመታዊ ምርመራዬ ጊዜም እየደረሰ ስለሆነ መብራቱ እንዲህ እያለ ቦሎ ማግኘት እንደማልችል አውቃለሁ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ጥፋቱ በእርግጥ የአይጥ መሆኑንና የት ቦታ ላይ እንደሆነ፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት በራሴ ማወቅ የምችልበት መንገድ አለ ወይ? የሽቦውን ጥቅል በሙሉ መቀየርስ በእርግጥ ያስፈልጋል?


መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ተክለ ሃይማኖት

ምልክቶቹን በዝርዝር ስለጻፉልን ከሥራው ግማሹን እርስዎ ራስዎ ጨርሰውታል። በእኔ አስተያየት በመኪናዎ ላይ ያለው አንድ ሳይሆን ሁለት የተለያየ ብልሽት ነው። አንደኛው የግራው መብራት የማሳ ሽቦ (ኮረንቲውን ከአምፖሉ ወደ መኪናው ቦዲ የሚመልሰው ሽቦ) መበጠሱ ወይም ሊበጠስ መድረሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው የፓርኪንግ መብራቱ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ከቦዲው ጋር ኮንታክት መፍጠሩ ነው። ሁለቱንም ያደረገችው አይጥ ልትሆን ትችላለች፤ የሚመረመሩበት መንገድ ግን ስለሚለያይ አንድ ላይ አያደባልቋቸው።

ከማሳው ልጀምር። በአንድ የኋላ መብራት ውስጥ ያሉት የፓርኪንግ፣ የፍሬንና የፍሬቻ አምፖል ክሮች ኮረንቲ የሚደርሳቸው በየራሳቸው ሽቦ ነው፤ መመለሻቸው ግን አንድ የጋራ የማሳ ሽቦ ነው። ይህ የጋራ ሽቦ ሲበጠስ፣ ወይም ከመዳብ ክሮቹ ውስጥ አንድ ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ፣ ኮረንቲው መመለሻ ስለሚያጣ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ወደ ኋላ እየተጓዘ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። መብራት ብቻ ሲያበሩ የግራው ፓርኪንግ ኮረንቲ በፍሬኑ ክር አልፎ፣ በፍሬን ሽቦው ተሻግሮ፣ በቀኙ መብራት ጤነኛ ማሳ ይወርዳል፤ ስለዚህ የግራው ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ይበራል። ፍሬን ሲረግጡ ግን ያ መሻገሪያ ራሱ 12 ቮልት ስለሚሞላ መውጫነቱ ያበቃል፤ የሚቀረው በፍሬቻው ክር በኩል ወደ ፊተኛው ፍሬቻ የሚሄደው መንገድ ብቻ ነው። የፊት ፍሬቻዎና የክሩስኮቱ ቀስት ፍሬን በረገጡ ቁጥር ጭል ጭል የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አምፖል መቀየሩ ለውጥ ሊያመጣ ያልቻለውም ለዚሁ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ተራ ቴስተር ይበቃዎታል። ቴስተሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው፣ አንዱን ጫፍ ከአምፖሉ ቤት በሚወጣው የማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ደግሞ ቀለም በሌለበት ንጹሕ የቦዲ ብረት ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያ መብራቱ በርቶ ሰው ፍሬን ይርገጥልዎ። በቶዮታ መኪኖች የማሳው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለበት ነው። ንባቡ ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ማሳው ጤነኛ ነው፤ ብዙ ቮልት ካሳየ ግን ሽቦው ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ከቦዲው ጋር እስከሚታሰርበት ቡሎን ድረስ ባለው መንገድ ላይ ተጎድቷል። ከአምፖሉ ቤት ማሳ ወደ ቦዲው ጊዜያዊ ሽቦ ሲያገናኙ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ ጥርጣሬው እውነት ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው፣ ባለሙያውም ጭምር፣ የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። አምፖሉን ነቅሎ ባዶውን ሶኬት በቴስተር መለካትና 12 ቮልት ስላሳየ ብቻ ሽቦው ደኅና ነው ማለት አይቻልም። ቴስተር ኮረንቲ ስለማይስብ፣ አይጥ በልታው በአንዲት ቀጭን የመዳብ ክር የተንጠለጠለ ሽቦ እንኳ ለቴስተሩ ሙሉ 12 ቮልት ይሰጠዋል፤ ጭነት ሲመጣበት፣ ማለትም አምፖል በርቶ ኮረንቲ ሲስብበት፣ ግን ይወድቃል። በድምፅ የሚፈትሸውም የቴስተር ክፍል በተመሳሳይ መንገድ ያታልላል። ስለዚህ ሁልጊዜ መብራቱ በርቶ፣ ጭነት እያለ ይለኩ። እኔ ከቴስተሩ ይልቅ የምተማመነው ሁለት ሽቦ በበየድኩበት ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ነው፤ ወደ 1.75 አምፔር ገደማ ስለሚስብ በሽቦው ላይ እውነተኛ ጭነት ይጥልበታል፤ ደካማ ሽቦ ከሆነ አምፖሉ ገርጥቶ ይነግረኛል።

ወደ ፊውዙ ስመጣ፣ በኮብልስቶን ላይ ብቻ መቃጠሉ የተላጠው ሽቦ ሁልጊዜ ብረቱን እንደማይነካ፣ ሲንገጫገጭ ብቻ እንደሚነካ ያሳያል። ፊውዙ የሚቃጠለው መብራት ሲበራ ከሆነ የተጎዳው የፓርኪንግ ወይም የታርጋ መብራት መስመር ነው፤ ፍሬን ሲረገጥ ቢሆን ኖሮ የፍሬን መስመሩን እንጠረጥር ነበር። አደራ፣ ቦታውን እስክናገኝ ድረስ በቀዩ 10 አምፔር ፊውዝ ምትክ ቢጫውን 20 አምፔር እንዳይከቱበት፤ በሲጋራ ወረቀት መጠቅለሉንማ አላነሣውም። ፊውዙ ካልተቃጠለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው፤ ሽቦው ደግሞ የሚያልፈው በምንጣፍና በስፖንጅ መካከል ነው።


መልስ፦ ነባር አሽከርካሪ፣ ሜክሲኮ

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው። ሆኖም የአይጥ ኩስ በመታየቱ ብቻ ጥፋቱን ሁሉ በአይጥ ላይ መጫን ተገቢ ነው ብዬ አላምንም፤ ይህን የምለው በከተማችን ካለ መኪና ሁሉ ኩስ የማይገኝበት ስንቱ ነው ብዬ ስለማስብም ነው። ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ቢያስወግዱ ጥሩ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው አምፖሉ ራሱ ነው። የፓርኪንግና የፍሬን አምፖሉ ባለ ሁለት ክር፣ 21 እና 5 ዋት የሆነ ነው፤ አንዱ ክር ተበጥሶ በሌላው ላይ ሲወድቅ ፍሬኑና ፓርኪንጉ ይደበላለቃሉ። እርስዎ አምፖሉን ስለቀየሩ ይህ ቀርቷል፤ የተተካልዎት አምፖል ግን ባለ አንድ ክር አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሁለተኛው ውኃ ነው። የመብራቱ ጎማ ሲያረጅ የክረምት ዝናብ ይገባና የሶኬቱን ብረት አረንጓዴ ዝገት ያለብሰዋል፤ ይህም እንደተበጠሰ ማሳ ያለ ምልክት ያሳያል። ሦስተኛው የመተጣጠፍ ድካም ነው። የዕቃ መጫኛው ክዳን በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያው አጠገብ ያሉት ሽቦዎች ስለሚታጠፉ ከዓመታት በኋላ ይበጠሳሉ፤ በተለይ የታርጋ መብራቱ ሽቦ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው።

በዓይንም ይለያል። በመተጣጠፍ የተበጠሰ ሽቦ ልባሱ ብዙ ጊዜ ሙሉ ነው፤ ሲጎትቱት ብቻ እንደ ላስቲክ ይሳባል፤ ውስጡ ባዶ ነውና። አይጥ የነካችው ግን ልባሱ ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቃል፤ በተቀረው ልባስ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጥንድ ጥንድ የሆኑ ጠባብ የጥርስ ጭረቶች ይታያሉ፤ ሥሩም ፍርፋሪው ይገኛል። በቢላ የተቆረጠ ሽቦ ደግሞ ጫፉ ለስላሳ ነው፤ የድሮ ሌባ ወይም የድሮ ሬዲዮ ገጣሚ ሥራ ነው።

ከፍ ብሎ የተሰቀለውን ሦስተኛውን የፍሬን መብራትም ይመልከቱ። እርሱ በርቶ ሁለቱ ታችኞቹ የማይበሩ ከሆነ ፊውዙና የፍሬን ፔዳሉ ማብሪያ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ሽቦው ወደየመብራቶቹ ከሚከፋፈልበት መገንጠያ በኋላ ነው። ሦስቱም ካልበሩ ግን ወደ ኋላ መሄድዎ ከንቱ ድካም ነው፤ ከፔዳሉ ይጀምሩ።


አስተያየት፦ አንባቢ፣ ለገሀር

የዘመኑ መኪኖች ሽቦ የሚለበጠው ከአኩሪ አተር በተሠራ ፕላስቲክ ስለሆነ ነው አይጦቹ የሚወዱት የሚል ነገር በተደጋጋሚ እሰማለሁ። እውነት ከሆነ የ2004 ኮሮላ ይህ ችግር ሊኖርባት አይገባም ነበር። የሚያውቅ ሰው ቢያብራራልን።


መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ተክለ ሃይማኖት

በአሜሪካ በዚህ ምክንያት የመኪና ባለቤቶች አምራቾችን ፍርድ ቤት እስከመክሰስ ደርሰዋል፤ ክርክሩ ከዚያ የመጣ ነው። እኔ ግን ከማየው ተነሥቼ ስናገር የልባሱ ዓይነት ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ማደጉን ስለማያቋርጥ ያገኘችውን ጠንከር ያለ ነገር ሁሉ እየፋቀች ማሳጠር አለባት፤ የአኩሪ አተር ወሬ ከመሰማቱ በፊትም የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የስልክ ገመድና የውኃ ቧንቧ ትበላ ነበር። መኪና ለእርሷ ዝናብ የማይገባበት፣ ድመት የማይደርስበት፣ ስፖንጅ የሞላበት ቤት ነው፤ ሽቦው የሚበላው ደግሞ ብዙውን ጊዜ መተላለፊያዋ ላይ ስለተገኘ ነው።

ሆንዳ ቃሪያን የሚያቃጥለው ቅመም ያለበት የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ያመርታል። በእኛ ገበያ እንደ ልብ ስለማይገኝ የምመክረው በውጭ ዘመድ ላለው ሰው ብቻ ነው። በእጅ ቃሪያ ቀብቶ መሞከር ግን አያዋጣም፤ በሁለተኛው ሳምንት ሽታው ይጠፋል፤ ሽቦውን በሚነካው ሰው ዓይን ላይ ግን ይቆያል።


የጠያቂው መልስ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በተባለው መሠረት ቅዳሜ ዕለት ጎረቤቴን ፍሬን አስረግጬ ለካሁ፤ በግራው የማሳ ሽቦና በቦዲው መካከል 6 ቮልት ገደማ አነበብኩ፤ በቀኙ በኩል ግን ቁጥሩ ከዜሮ ብዙም አልራቀም። ጊዜያዊ ሽቦ ወደ ቦዲው ሳገናኝ የግራው መብራት እንደ ቀኙ ደመቀ፤ የፊት ፍሬቻውም ጭል ጭል ማለቱን አቆመ።

ከዚያም የዕቃ መጫኛውን የግራ ጎን ሽፋን ፈትቼ ነጩን ሽቦ በእጄ እየተከተልኩ ስሄድ ከጎማው ጉብታ በላይ፣ የሽቦው ጥቅል ከብረቱ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ላይ፣ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ርዝመት ተልጦ አገኘሁት። ከክሮቹ የቀሩት በጣም ጥቂት ናቸው፤ እነሱም ጠቁረዋል። አጠገቡ ያሉት ሁለት ሽቦዎች ልባሳቸው ተፍቋል እንጂ መዳባቸው አልታየም። በሜክሲኮው አስተያየት ሰጪ የተገለጸው የጥርስ ጭረትም በግልጽ ይታያል። ማሳውን ለጊዜው አገናኝቼዋለሁ።

ችግሩ ፊውዙ ነው። በዚያ ቦታ ላይ የፓርኪንጉ ሽቦ ጤነኛ ስለሆነ ፊውዙን የሚያቃጥለው ሌላ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ነገር ግን ቆሞ ሳለ አይቃጠልም፤ እየነዳሁ ደግሞ ሽቦ መፈለግ አልችልም። ምን ይሻላል?


መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ተክለ ሃይማኖት

ጥሩ ሠርተዋል። አይጥ በአንድ መንገድ ስትመላለስ በየማረፊያዋ ነው የምትቀምሰው፤ አንድ የተበላ ቦታ መገኘቱ ምርመራው አለቀ ማለት አይደለም። እንዲያውም ያንን ጠግነው ቢሄዱ ኖሮ ነገ ተመልሰው ይመጡ ነበር፤ ሁለተኛው ባለሙያ ጥቅሉ በሙሉ ይቀየር ያለው ምናልባት ይህንን ፈርቶ ይሆናል።

ለፊውዙ ቅድም የጠቀስኩትን ባለ 21 ዋት አምፖል ይጠቀሙ። ፊውዙን ነቅለው በፊውዙ ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ የአምፖሉን ሁለት ሽቦዎች ይሰኩ። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን አምፖሎች፣ የፊት ፓርኪንጎቹን፣ የኋላዎቹንና የታርጋውን ሁሉ አውጥተው መብራቱን ያብሩ። ኮንታክት ከሌለ አምፖልዎ ወይ ጨርሶ አይበራም ወይ ብልጭ ብሎ ደብዝዞ ይቀራል፤ ኮንታክት ሲፈጠር ግን በሙሉ ኃይሉ ይበራል። አምፖሉ ራሱ ኮረንቲውን ስለሚገድበው ፊውዝ ሳያቃጥሉ፣ ሽቦም ሳያሞቁ የፈለጉትን ያህል መፈተሽ ይችላሉ። አሁን አምፖሉን ከሚያዩበት ቦታ ሰው አስቀምጠው ጥቅሉን ከኋላ ጀምሮ ክንድ ክንድ ያህል እየያዙ ያንቀጥቅጡት፤ አምፖሉ ብልጭ ያለበት ቦታ ላይ ጥፋቱ አለ። በተለይ ሽቦው የብረት ቀዳዳ የሚያልፍባቸውን፣ ከኋላ ወንበር ጀርባና ሥር ያሉትን፣ እንዲሁም ከበሩ መርገጫ ፕላስቲክ ሥር ያለውን መንገድ አይለፉ።

ወንበሩንና መርገጫውን ከመንካትዎ በፊት ግን ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። በዚያ አካባቢ የሚያገኟቸው ቢጫ ሶኬቶች የኤርባግ ናቸው፤ ለእነሱ ቴስተርም አምፖልም አያስጠጉ፤ መንቀል ካስፈለገዎት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቁ። ከኋላ ወንበር ሥር ደግሞ የነዳጅ ፓምፑ ሶኬት አለ፤ አይጧ እዚያም ደርሳ ከሆነና የቤንዚን ሽታ ከሸተተዎት ሥራውን አቁመው ባለሙያ ይጥሩ። እዚያ ቦታ ላይ ብልጭታ አንፈልግም።

ሌላው የተዘነጋ ነገር ጽዳቱ ነው። የአይጥ ሽንትና ኩስ ሌፕቶስፓይሮሲስን የመሰለ በሽታ ያስተላልፋል። ጓንትና ማስክ አድርገው፣ ደረቁን ከመጥረግዎ በፊት አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውኃ በጥብጠው ያርጥቡት፤ ሶኬቶቹ ላይ ግን አይርጩ። ሽንቱ ራሱ ብረት ስለሚበላ የሶኬቶቹንና የማሳውን ቡሎን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ።


የጠያቂው መልስ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ

ተገኘ። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ፣ ጥቅሉ ከዕቃ መጫኛው ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ ላይ ሽቦውን ከብረቱ ጠርዝ የሚከላከለው ጎማ ከነጭራሹ ተበልቷል፤ የፓርኪንጉ ሽቦ በብረቱ ጠርዝ ላይ ተጋድሞ መዳቡ ይታያል፤ ብረቱም ላይ ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር የተፈጠረው ጥቁር የብልጭታ ነጥብ አለ። ጥቅሉን ሳንቀጠቅጠው ክሩስኮቱ ሥር ያለው አምፖል ቦግ ሲል ጎረቤቴ ጮኸ። አሁን የቀረኝ ጥገናው ብቻ ነው፤ ራሴ በናስትሮ ብጠቀልለው ይበቃል?


መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ተክለ ሃይማኖት

መዳቡ ያልተነካውንና ልባሱ ብቻ የተፋቀውን በናስትሮ መጠቅለል ይቻላል። ክሮቹ የተበጠሱትን ግን ጠምዝዞ በናስትሮ ማሰር ለአንድ ክረምት እንኳ አይቆይም፤ እርጥበት ይገባበትና መዳቡ ይጠቁራል። የተጎዳውን ክፍል ቆርጠው ያውጡ፤ ውፍረቱ ተመሳሳይ በሆነ የመኪና ሽቦ ይቀጥሉት፤ በሶልደር ይበይዱትና በሙቀት በሚኮማተረው ቱቦ ይሸፍኑት። ቱቦውን ከመበየድዎ በፊት ማስገባት እንዳይረሱ፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ከአንድ በላይ ሽቦ የሚቀጥሉ ከሆነ መገጣጠሚያዎቹ አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኙ ፈቀቅ ፈቀቅ ያድርጓቸው። የበላችውንም ጎማ ሶማሌ ተራ ከተፈታ መኪና ላይ የወጣ ማግኘት ይችላሉ፤ ያለ ጎማ ጥገናው ከንቱ ነው፤ የብረቱ ጠርዝ ያለ አይጥ እርዳታም ሽቦውን ይቆርጠዋልና።

ጥቅሉን በሙሉ መቀየር የሚያስፈልገው ተበልተው የሚገኙት ቦታዎች በዝተው መቀጠያው ከሽቦው ሲበዛ፣ ወይም ሶኬቶቹ ራሳቸው ሲቀልጡ ነው። የእርስዎ መኪና እዚያ አልደረሰችም። ሲጨርሱ ዳግመኛ ጭነት እያለ የማሳውን ቮልት ይለኩ፤ ፊውዙንም በተገቢው 10 አምፔር ይተኩና ኮብልስቶኑ ላይ ነድተው ይሞክሩት።


አስተያየት፦ ነዋሪ፣ ካዛንቺስ

ስለ መከላከሉ ማንም ስላልተናገረ ጥቂት ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ እኛ ሠፈር የድሮ ቤቶች በፈረሱበት ወቅት ከየጣሪያውና ከየወለሉ የወጡት አይጦች ወደ ቀሩት ግቢዎች ሲሰደዱ በዓይናችን አይተናል፤ በግቢያችን የመኪና ሽቦ መበላት የተለመደ ወሬ የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ የጠያቂው መኪና የምታድርበት ጥግ ራሱ ካልተስተካከለ ብልሽቱ በተጠገነ ቁጥር ይደገማል ብዬ እሰጋለሁ።

በእኛ ግቢ ለውጥ ያመጣው ነገር ቀላል ነው። ቆሻሻው ክዳን ባለው በርሜል እንዲሆንና ከመኪኖቹ እንዲርቅ ተስማማን። በዕቃ መጫኛ ውስጥ ከገጠር የመጣ የጤፍ ማዳበሪያ፣ ቆሎና ዳቦ ማሳደር ቀረ፤ ጆንያው ከወረደ በኋላም የፈሰሰው ፍሬ በደንብ ይጠረጋል። ከመብራቶቹ በስተጀርባና ከፓራውልቱ ሥር ያሉትን የአየር መውጫዎች አንዳንዶቻችን በጠባብ የሽቦ ወንፊት ሸፍነናል፤ ትንሿ አይጥ በ6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ስለምታልፍ ወንፊቱ ከዚያ የጠበበ መሆን አለበት። አየሩን ጨርሶ መዝጋት ግን አይገባም፤ በር ሲዘጋ አየር የሚወጣው በዚያ ነው።

መርዝ መኪና ውስጥ ማስቀመጥን አጥብቄ እቃወማለሁ። አይጧ በልታ የምትሞተው እጅ በማይደርስበት፣ ከሽፋኑ በስተጀርባ ስለሆነ ሽታው ከሽቦው ጥገና የበለጠ ያስወጣችኋል፤ የግቢው ድመትም ትጠፋለች፤ ከድመቷ የተሻለ ጠባቂ ደግሞ የለንም። ወጥመድ ይሻላል፤ ቢሆን ቢሆን ከመኪናው ውጭ፣ ግድግዳውን ተከትሎ፤ አይጥ በሜዳ መካከል አትሄድምና።


ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት፣ አራት ኪሎ

የነዳጅ መኪና ማስገባት ከቆመ ወዲህ ብዙዎቻችን ኤሌክትሪክ መኪና ይዘናል። የእኔም የኋላ መብራት አንዱ ወገን ጠፍቷል፤ ከሥሩም የአይጥ ምልክት አይቻለሁ። ከላይ የተጻፈውን ምርመራ ማድረግ እችላለሁ?


መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ተክለ ሃይማኖት

መብራቱ በእርስዎም መኪና የሚሠራው በ12 ቮልት ባትሪ ስለሆነ የማሳው ምርመራ አንድ ነው። የሚለየው ሁለት ነገር ነው። መብራቶቹ ኤልኢዲ ሲሆኑ የሚያበራቸውም ኮምፒዩተር ስለሚሆን ባለ 21 ዋት አምፖሉን በዚያ መስመር ላይ አይሰኩ፤ በቴስተር ብቻ፣ መብራቱ በርቶ ይለኩ፤ ኮምፒዩተሩ የመዘገበውንም የስሕተት ቁጥር በማሽን አስነብበው ይጀምሩ። ብርቱካናማ ልባስ ያለው ማናቸውም ገመድ ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍበት ነው። የጥርስ ምልክት እዚያ ላይ ካዩ መኪናዋን አጥፍተው፣ ቻርጅም ሳያደርጉ፣ ሽፋኑንም ሳይነኩ ለከፍተኛ ቮልቴጅ የሠለጠነ ባለሙያ ያስመጡ፤ ከብርቱካናማው ውጭ ያለውን ግን ሽፋኑን ፈትተው በዓይንዎ መከታተል ይችላሉ።